ምንጭ ያለው ሞት

«ከአንድ ወር በታች የሞተ ሕፃን?» አለ ከአዲስ አበባ የመጣው ሰው፣ የብዕሩን ጫፍ ወረቀቱ ላይ አስጠግቶ።

«የለም» አሉ ቄሰ ገበዝ ተክለ ሚካኤል።

ላሊበላ ነው፤ ሰኔ አጋማሽ፣ ገና በማለዳ፣ በቄሰ ገበዙ የድንጋይ ቤት ምድር ቤት ውስጥ። ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤት አራስ ቤት አለ፤ ሁለቱን ቤቶች የሚለያቸው የድንጋይና የጭቃ ግንብ ቀጭን ስለሆነ ሳል እንኳ ያሳልፋል። «የለም» የሚለው ቃል ከቄሰ ገበዙ አፍ ገና ሳይወርድ ከማዶ አንዲት ሕፃን ማልቀስ ጀመረች። ልቅሶዋ ግን እንደ ሕፃን ልቅሶ አልተዘረጋም፤ መሀል ላይ ጥርቅም ብሎ ቆመ። ስሜነሽ ለእንግዳው ያመጣችውን የውኃ ጣሳ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። አባቷ ዓይናቸውን ወደ መቋሚያቸው ጫፍ አወረዱ። እንግዳው ብቻ ቀና ሳይል በሣጥኑ ውስጥ ሰረዝ አሠመረ፤ ቀጥ ያለች፣ ማስመሪያ ተደግፋ የወጣች፣ የተማረ ሰው ሰረዝ።

እንግዳው ጓድ ሀብተ ሥላሴ ይባላል። የመጣው የአገሩን የጤናና የማኅበራዊ ኑሮ ቁጥር በየዓመቱ ከሚሰበስበው መሥሪያ ቤት ነው። ያ መሥሪያ ቤት በዓመት አንድ ጊዜ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ያወጣል፤ ስንቱን ወባ እንደያዘው፣ ለስንት እጓለ ማውታ ስንት ኪሎ ስንዴ እንደተሰፈረ፣ ስንቱ ተወልዶ ስንቱ እንደሞተ፣ ሁሉም በሠንጠረዥ ተሰድሮ ይታተማል፤ የሚቀጥለው ዓመት መድኃኒትም ከዚያው መጽሐፍ ላይ ይቆረሳል። ችግሩ ሞትን ማን ይቁጠረው ነው። ላስታ ውስጥ ሰው ሲሞት የሚመዘግብ ማዘጋጃ ቤት የለም። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤቱ ብልሆች አንዱ፣ ደገኛ ሲሞት ፍትሐት እንደሚደረግለት ሰምቶ፣ «የየደብሩን ፍትሐት ቁጠሩ» አለ፤ ለዚህ ብልሃቱም ደረጃ አደገ ይባላል። ብልሁ ማንንም ያልጠየቀው ፍትሐት ለማን እንደሆነ ነው። ፍትሐት ለተጠመቀ ነው፤ ወንዱ ልጅ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳው። ከዚያ በፊት ለሞተ ሕፃን ደወል አይደወልም፣ ጸሎት አይደርስለትም፣ ከቤተ ክርስቲያን አጸድ አይቀበርም። አያቱ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ ከጓሮ ወይም ከገደል አፋፍ ትሸሽገዋለች፤ ለቀስተኛ አይቀመጥም፤ እናቱም ድምፅዋን እንዳታሰማ ትመከራለች። «አላደገላትም» ይባላል፣ ያልቃል። እንግዲህ በፍትሐት ከተቆጠረ ላስታ ውስጥ የአራስ ሕፃን ሞት የሚባል ነገር የለም። ስዊድኖች እንኳ ያልደረሱበት ማዕረግ ነው።

ጓድ ሀብተ ሥላሴ ወረቀቱን አጥፎ ከቆዳ ቦርሳው ከተተ፤ ሥራው ስላለቀ ፊቱ ለቀቅ አለ። ስለ መንገዱ አወራ። ዝናቡ ከጠና ላንድሮቨሩ ከጋሸና ወዲህ እንደማያልፍ ስለተነገረው ዛሬውኑ መውጣት አለበት። ጋሸና ላይ ለአንድ ሰሐን ቅቅል ሁለት ብር ከሃምሳ አስከፍለውት ሆዱ እንዳረረ ነገራቸው፤ አጥንቱ ላይ የነበረውን ሥጋ በጣቶቹ መጠን አሳያቸው። ከዚያ ወደ ማር ዞረ። የላስታ ነጭ ማር ለባለቤቱ ይዞ ሊገባ ቃል ገብቷል፤ ብልባላ ገበያ ይረክሳል ወይስ እዚህ? ቄሰ ገበዙ «እኔ ገበያ አልወርድም ጌታው» አሉ። ጣሳውን ተቀብሎ ሁለት ጊዜ ተጉመጠመጠና የቀረውን መሬት ላይ ደፋው። ሲወጣ ጎንበስ ብሎ መስቀል ሊሳለም ከጀለ፤ ወዲያው ጓድነቱ ትዝ አለውና በቁሙ እጃቸውን ጨበጠ። ከሄደ በኋላ አባትና ልጅ ለብቻቸው ቀሩ። ያ ቤት ከሁለት ዓመት ወዲህ ወሬ የማይወራበት ቤት ነው፤ «እራት ቀርቧል»፣ «በሩን ዝጊ»፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ከሚሉት በቀር ሌላ ቃል አይመላለስበትም። ስሜነሽ መሬት ላይ የተደፋውን ውኃ በእግሯ አፈር አለበሰችው። ከግድግዳው ወዲያ ሕፃኗ ደግማ ጀመረች፤ ደግሞ ጥርቅም አለ። አባቷ ዳዊታቸውን አንስተው ወጡ፤ እሷም ነጠላዋን ደርባ ሥራዋ ገባች።

ስሜነሽ የጤና ጣቢያው ጤና ረዳት ናት። ጤና ጣቢያው ከአንድ ባላባት የተወረሰ ቤት ነው፤ ባላባቱ ጠጅ ያስጥልበት በነበረው ክፍል አሁን ቁስል ይታጠብበታል፤ ሽታው ግን ገና አልወጣም፣ ከዲቶል ጋር ተቀላቅሎ ያቅለሸልሻል። ግድግዳው ላይ አንድ ጠብደል ሕፃን የታቀፈች፣ ጉንጨ ቀይ እናት የተሳለባት ፖስተር አለች፤ «ጤናማ ትውልድ ለአብዮታችን» ትላለች። ከፖስተሯ ሥር ዛሬም እንደ ሁልጊዜው ሴቶች በመሬት ተቀምጠው ነበር፤ ከነሱም አራቱ ነፍሰ ጡሮች ነበሩ። ስሜነሽ አራቱን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከአራቱ ያንዷ ልጅ እትብቱ በዛገ ምላጭ ይቆረጥና መንጋጋው ይቆለፋል፤ ይህን ለማወቅ ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም። ለእናትየዋ በእርግዝናዋ ጊዜ ሁለት መርፌ ቢወጋላት ኖሮ ልጁ ይተርፍ ነበር። መርፌው ደሴ መጋዘን ውስጥ በበረዶ ተቀምጧል፤ በመጪው ዓመት ለክፍለ ሀገሩ ጥቂት አውራጃዎች ሊታደል ነው። ላስታ ይገባበት እንደሆነ የሚወስነው ያ ወፍራም መጽሐፍ ነው። በመጽሐፉም ላይ ላስታ፣ ሕፃን የማይሞትባት አገር ናት። ይህን ለአለቃዋ ለጓድ ደርበው አምና ነግራዋለች፣ ካቻምናም ነግራዋለች። ደርበው ግን ወደ ደሴ ለመዛወር የለመነ ሰው ነው፤ አውራጃው አንደኛ በወጣ ቁጥር ደሴ አንድ እርምጃ ትቀርበዋለች። «አንቺ ሴት» ይላታል፣ «ሰው ሁሉ ሞትን ለመቀነስ ይለፋል፤ አንቺ ለመጨመር ትለፊያለሽ።»

ምሳ ሰዓት ላይ ደርበው እንግዳውን ወደ ወለላ ምግብ ቤት ሲወስድ ስሜነሽ ሳትጠራ ተከተለቻቸው። የሐዋርያት ጾም ነው፤ ከተማው ሁሉ ሽሮ ላይ ነው። ለእንግዳው ግን ሙክት ታርዷል። ወለላ ጥብሱን ስታቀርብ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ «ድስቱን ለብቻው ነው ያነሳሁት፤ ኀጢአቱ በናንተ ነው፣ ዋጋው ግን ለኔ ነው» አለች፤ ደርበው ሳቀላት። ጓድ ሀብተ ሥላሴ እጅጌውን ሰብስቦ ገባበት። የሚበላ ሰው ነበር፤ ስቡን ይመርጣል፣ ጣቱን ይልሳል፣ ከአገጩ ላይ የወረደውን ቅባት በእጁ ጀርባ ያብሳል። ስሜነሽ አልቀረበችም፤ ከመደቡ ጠርዝ ተቀምጣ ነገሯን ጀመረች።

«ጓድ፣ ጠዋት አባቴን ሲጠይቁ ከግድግዳው ወዲያ የሰሙት ሕፃን ናት። መንጋጋዋ ተቆልፏል። ዛሬን ብታድር ነገን አታድርም።»

«ሰምቻለሁ» አለ፤ አልሸሸም።

«እርስዎ ግን ሰረዝ አሠመሩ።»

«አልሞተችማ» አለ፤ ደርበው ደግሞ ሳቀ።

«ብትሞትም ሰረዝ ነው። አልተጠመቀችም። ቄሶቹ የሚነግሩዎ የፈቱትን ነው፤ ያልተጠመቀ አይፈታም። አገር ሙሉ ሕፃን በየጓሮው ተቀብሮ እርስዎ ‹የለም› ይዘው ሊመለሱ ነው።»

ይደነግጣል ብላ ነበር። መንገዱን ሙሉ፣ ይህን ስነግረው ወይ ይክደኛል ወይ ይደነግጣል ብላ ነው የመጣችው። እሱ ግን ጉርሻውን አላምጦ ዋጠና «እናውቃለን» አለ። ሰውየው ደደብ አልነበረም፤ ክፋቱም እሱ ነው። መሥሪያ ቤታቸው ይህን ጉድለት ካወቀ ሦስት ዓመት እንዳለፈው፣ በስብሰባ እንደተነሳ፣ ቃለ ጉባኤም እንደተያዘበት ረጋ ብሎ አስረዳት። «ግን ጓዲት፣ እኛ የምንሠራው በምንጭ ነው። በየጓሮው ያለ ሞት ምንጩ ማነው? የአሮጊት ወሬ? ደብሩ በማኅተሙ ያረጋገጠው ምንጭ አለው። ምንጭ የሌለውን ሞት ብጽፍ እኔ ተረት ጸሐፊ ነኝ።» ከዚያ አጥንቱን በሹካ ጫፍ እየፈለቀቀ ሌላ ነገር ነገራት። ዓምዱ ባዶ የሆነ አውራጃ ከመርፌው ድልድል ውስጥ አይገባም፤ ሰረዝ አይደለደልም። አንዲት ምንጭ ያላት ሞት ብትገኝ ግን ዓምዱ ይከፈታል፤ ዓምዱ ከተከፈተ አውራጃው ድልድሉ ውስጥ ይገባል። «ደንቡ ይኸው ነው። እስከ ማታ እዚህ ነኝ» አለና ወለላን ቅልጥም እንድትጨምርለት ጠየቃት።

ስሜነሽ ከዚያ ወጥታ ቁልቁል ስትወርድ በአእምሮዋ የነበረው ነገር እንኳን ለሰው ለራሷም አይነገርም። ለጭንቅ የደረሰ ሕፃን አርባና ሰማንያ ሳይጠበቅ ይጠመቃል፤ ይህን ከልጅነቷ ጀምራ ከአባቷ ስትሰማ ነው ያደገችው። የተጠመቀ ይፈታል። የተፈታ ይቆጠራል። እንግዲህ አሁን የምትፈልገው አንዲት ሕፃን ሳትጠመቅ እንዳትሞት፣ ተጠምቃም እስከ ማታ እንዳትቆይ ነው። ሰው እንዲህ ያለ ነገር እንዲመኝ የሚያደርግ ደንብ ያወጣውን እጅ ምን ይሉታል? እጁ ንጹሕ ነው፤ ቅባቱን አብሶታል።

የጎረቤቷ የአራሷ የትሁን ቤት ጨለማ ነበር። በሩ ላይ የሰሌን ምንጣፍ ተጋርዷል፤ ውስጡ የቅቤና የአብሽ ሽታ አለው፤ ባሏ እህል ሊሸጥ አህዮቹን ነድቶ ብልባላ ወርዷል። አማቷ ወለተ ሐና ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ በጠበል የራሰ ጨርቅ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ትሁን ግድግዳ ተደግፋ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስተኝታለች፤ ሳትወዘውዛት፣ ሳታቆላምጣት፣ ትንፋሽዋን እንኳ ቆጥባ። ማንም ሳያስተምራት፣ ልጇ በተነካች ቁጥር እንደምትገተር፣ ብርሃን ሲገባ እንደምትኮማተር፣ ድምፅ ስትሰማ ጀርባዋ እንደ ደጋን እንደሚለመጥ ለይታ አውቃለች። ለዚህ በሽታ፣ ሐኪም በሌለበት፣ ያለው መድኃኒት ይኸው ብቻ ነው፤ ጨለማ፣ ጸጥታና የእናት ደረት። ስሜነሽ ይህን በኮርስ ተምራለች።

«ትሁን።»

«ቀስ ብለሽ አውሪ፣ እታለም» አለች ትሁን፤ «ትሰማሻለች።»

«ትጠመቅ።»

ወለተ ሐና ጨርቋን ጣል አደረገችው። «ገና ሳምንቷ ሳይሞላ? ጎረቤት ምን ይላል? ዛር ነው ያስደነገጣት፤ ጠበሉ ሲደርሳት ይለቃታል።»

«ትድናለች?» አለች ትሁን፤ የምትጠይቀው ስሜነሽን ነው፤ አማቷን አላየቻትም።

ስሜነሽ መዋሸት ትችል ነበር፤ መዋሸት ይሻልም ነበር። «አትድንም እናትዬ» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሁሉንም ነገረቻት፤ ከአዲስ አበባ የመጣውን ሰው፣ ባዶውን ዓምድ፣ ደሴ ያለውን መርፌ። «ተጠምቃ ከሞተች ትቆጠራለች። ከተቆጠረች መርፌው እዚህ ይመጣል። ለሚቀጥለው ልጅሽ፣ ለሌሎቹም። ያለፉት ሁለቱ ያላደጉልሽ በዚሁ ነው።» ወለተ ሐና «ከልጅ ሥጋ መድኃኒት ሊቀምሙ ነው እንዴ» ብላ አጉረመረመች። በመጨረሻ ትሁን ሕፃኗን ከደረቷ ላይ ልታላቅቃት ሞከረች፤ እጆቿ እሺ አላሉም። አራስ ስለሆነች ከቤተ ክርስቲያን ልትገባ አይፈቀድላትም፤ የክርስትና እናት ሆና የምትይዛት ስሜነሽ ናት። «ቶሎ መልሻት» አለች፤ «እንዲህ ጎኗን አታዙሪያት፤ በዚህ በኩል ነው የሚያማት።»

ቄሰ ገበዙ ለቅዳሴ ሊገቡ ከአጸዱ በር ላይ ነበሩ። ልጃቸው ሕፃን ታቅፋ ፊታቸው ስትቆም ሽምግልናቸው ባንድ ጊዜ የመጣባቸው መሰሉ። ከሁለት ዓመት በፊት የስሜነሽ ባል ከሚሊሺያ ጋር ወደ ሰሜን ዘምቶ ሳለ የወለደችው ወንድ ልጅ በዚሁ በሽታ ተይዞ ነበር። እሳቸው ያን ዕለት አሸተን ማርያም ናቸው። እሷ ልጁን ይዛ ጤና ጣቢያ ገብታ ፔኒሲሊን ትወጋዋለች። ሰው ልኬ አባቴን ላስጠራ አላለችም፤ መርፌው ያድነዋል ብላ ነበር። ከተራራው ሲወርዱ ልጁ ሞቷል። «ሥርዓት ነው» ብለው አልፈቱትም፤ እሷም ራሷ ቆፍራ ከጓሮ ቀበረችው። እሳቸው በልባቸው መርፌሽን አምነሽ ውኃዬን ናቅሽ ይላሉ፤ እሷም በልቧ የልጅ ልጅዎን እንደ ውሻ አስቀበሩኝ ትላለች። ሁለቱም ይህን አፍ አውጥተው ተናግረውት አያውቁም።

«ያጥምቋት አባባ። እየሞተች ነው።»

«ዛሬ ውኃው ትዝ አለሽ?»

«አዎ ትዝ አለኝ።»

ትክ ብለው አይዋት። «ለነፍሷ ነው የመጣሽ?»

«አይደለም። ከተጠመቀች ትቆጠራለች፤ ከተቆጠረች መርፌው ለላስታ ይመጣል። ለዚህ ነው።»

«ጥምቀት ለመርፌ?» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ጠዋቱ አልጸናም። «እኔ ‹የለም› ያልሁት ውሸት ነበር እንዴ? የፈታሁትን ጠየቀኝ፤ ያልፈታሁትን አልጠየቀኝም።»

«አልዋሹም። ማንም አልዋሸም። እኔም አልዋሽም፤ ለነፍሷ ነው ብዬ ብጠይቅዎ ነው የምዋሸው። እርስዎ ለነፍሷ ያጥምቋት፤ እኔ ለመርፌው እይዛታለሁ። በጭንቅ ይጠመቃል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ዲያቆኑን ጠሩ።

የሆነው ነገር ረጅም አልነበረም፤ ለያዘቻት ግን ረዘመ። ሰኔ ውኃው ቀዝቃዛ ነው። ሕፃኗን ከነጠላው ስታወጣት ቆዳዋ በብርሃን ተሸበሸበ፤ የመጀመሪያዋ ጠብታ ግንባሯ ላይ ስታርፍ ጀርባዋ ተለመጠ፤ አፏ ተጣብቆ፣ ቅንድቦቿ ተሰቅለው፣ የሚስቅ የመሰለ አስቀያሚ ፊት አወጣች። ጮኻ እንዳታለቅስ መንጋጋዋ አይከፈትም፤ ከአፍንጫዋ ብቻ የጥንቸል ዓይነት ድምፅ ይወጣል። ቄሰ ገበዙ «ወለተ ሩፋኤል፣ አጠምቀኪ በስመ አብ» ብለው ሦስት ጊዜ አጠለቋት። ቅብዐ ሜሮኑን በየመገጣጠሚያዋ ሲቀቡ እያንዳንዷ ንክኪ ደግማ ገተረቻት። ስሜነሽ እያንዳንዱ ለምን እንደሚያማት ታውቃለች፤ ነርቭ በነርቭ ታውቃለች፤ አቁሙ ማለት ትችል ነበር። አላለችም። ማተቧ ከአንገቷ ሲታሰር ሕፃኗ አንድ ጊዜ በኃይል ተገተረች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ለሰለሰች። በሽታው ከያዛት ሰዓት ጀምሮ እንዲህ ለስልሳ አታውቅም፤ ስሜነሽ ለቅጽበት የዳነች መስሏት ጆሮዋን ከሕፃኗ ደረት ላይ ለጠፈች፤ የሚመታ ነገር አልነበረም። ከአጸዱ በር እስከ ትሁን ደጃፍ ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። ግን መመለስ አላስፈለገም፤ ክርስቲያን ናትና ከዚያው ከአጸዱ ትቀበራለች። ደወሉ ተደወለ። ሰው ከየቤቱ «ማን ነው? ማን ዐረፈ?» እያለ ወጣ፤ የሕፃን ፍትሐት እንደሆነ ሲሰማ እርስ በርሱ ተያየ። ቄሰ ገበዙ ፍትሐቱን ለአዛውንት እንደሚፈቱ አድርገው፣ አንድም ሳያጎድሉ ፈቱ። ከዚያ ሳይጠየቁ፣ በብራና ቁራጭ ላይ የሕፃኗን የክርስትና ስም፣ የዐረፈችበትን ቀን ጽፈው የደብሩን ማኅተም አድርገው ለልጃቸው ሰጧት። እጇን ሲነኩ አልሸሸችም።

ጓድ ሀብተ ሥላሴ በጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ የማር ቆርቆሮውን በጆንያ ያሲዛል። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ስሜነሽ ብራናውን ስትሰጠው ቆሞ አነበበው፣ ማኅተሙን ወደ ብርሃን አዙሮ አየው፣ ከዚያ ፊቱ ፈካ። ያ ደስታ የውሸት አልነበረም፤ ሰው ከልቡ ሲደሰት ይታወቃል። ወዲያው ወደ ክፍሉ ተመልሶ ቦርሳውን ከፈተ፤ ሰረዟን በምላጭ ፋቃትና በቦታዋ «1» ጻፈ። ምክንያቱን ጠየቃት፤ «መንጋጋ ቆልፍ» አለች፤ እሱንም ጻፈ። ደርበው በትከሻው ላይ አንገቱን አስግጎ ሲያይ ቆይቶ ከንፈሩን ነከሰ፤ አንደኛነቱ ያመለጠው መሰለው።

«አይዞህ» አለው ጓድ ሀብተ ሥላሴ። «እንዲያውም ይቺ ናት የጎደለችህ። ባዶ ቁጥር ማን ያምናል? ባለፈው ዓመት ከውጭ የመጡት እንግዶች የላስታን ገጽ አይተው ሳቁብን። አንድ ግን! አንድ ሰው ይመስላል። አውራጃ ሙሉ ወላድ፣ የሞተው አንድ። ከአገሩ ሁሉ ዝቅተኛው ነው፤ አሁን ምንጭም አለው።»

ስሜነሽ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። «መርፌውስ?» አለች።

«የምን መርፌ?»

«አንዲት ከተገኘች አውራጃው ድልድሉ ውስጥ ይገባል ብለውኛል።»

«ገባ እኮ» አለ፤ ትዕግሥት እንደሌላት ተማሪ እያያት። «ድልድሉ በሞት ብዛት ተራ ነው፤ ብዙ የሞተበት ከላይ፣ ጥቂት የሞተበት ከታች። ላስታ ገብቷል፤ ከመጨረሻው ሆኖ። መርፌው ከላይ ጀምሮ ነው የሚታደለው፤ እታች ሳይደርስ ያልቃል። ይህ ደግሞ የምሥራች ነው፤ እናንተን አያስፈልጋችሁም ማለት ነው።»

«እንግዲያው ይሰርዟት።»

«ምን አልሽ?»

«ይሰርዟት። ሰረዙን ይመልሱት። ባዶው ይሻላል፤ ባዶውን ቢያንስ ሰው ስቆበታል። እሷን ይዘው ሄደው በሷ አይማሉብን።»

ደርበው ክንዷን ያዛት፤ አስለቀቀችው። ጓድ ሀብተ ሥላሴ የብዕሩን ክዳን ዘግቶ፣ የማር እጁን በመሐረብ ጠረገና ረጋ ብሎ «ጓዲት፣ የተቆጠረ ሰው አይሰረዝም። ይህ ሳይንስ ነው» አላት። ከቦርሳው ጎን አንድ የልብስ ሳሙና አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረላት፤ በየአውራጃው ለተባበረ ሠራተኛ የሚሰጥ ነው። መኪናው ዳገቱን ሲወጣ ጢሱ ከበረንዳው ሥር ተኝቶ ቀረ፤ ነፍሰ ጡሮቹ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ያዙ። ሳሙናውን ደርበው አነሳው።

ስሜነሽ ወደ ሠፈሯ ስትመለስ መጀመሪያ ወደ ቤቷ ልትገባ ነበር። ከትሁን ደጃፍ ላይ ግን ለቀስተኛ ተቀምጧል። ለአራስ ሕፃን ለቅሶ ሲቀመጥ በዚያ ሠፈር የመጀመሪያው ነው፤ ምን እንደሚሉ ስላላወቁ ዝም ብለው ተኮልኩለዋል፤ አንዲት ባልቴት ብቻ ስለ ዘይትና ስለ ቀበሌው ሱቅ ሰልፍ በሹክሹክታ ታወራለች። ሰሌኑን ገልጣ ገባች። ትሁን ጠዋት በተቀመጠችበት ናት፤ ሁለት እጆቿ ጭኗ ላይ ተዘርግተዋል፣ የያዙት ነገር የለም። ጡቷ አግቶ ቀሚሷን አርሶታል። ወለተ ሐና ምድጃው ላይ እንጨት ጨመረችና ወጣች።

«ደወሉን ሰማሁት» አለች ትሁን። «አባ ሳያጓድሉ ፈቷት አሉኝ። እግዜር ይስጣቸው።» ቀጥላም «መርፌው መቼ ይመጣል?» አለች።

ስሜነሽ ከመደቡ ጠርዝ ተቀመጠች። በመንገድ ላይ ብዙ መልስ አዘጋጅታ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት፣ ከክረምቱ በኋላ፣ መንገዱ ሲከፈት። በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ መልስ ሞልቷል፤ አንዱን መዋስ ነበር። «አይመጣም» አለች።

ትሁን አላለቀሰችም። በውጭ ዝናቡ ጀመረና ለቀስተኞቹ ወደ ጣራው ጥግ ሲጠጉ ድምፃቸው ቀረበ። ትሁን ባዶ እጆቿን አየች፤ ከዚያ ስሜነሽን አየች፤ በቁጣ ያይደለ፣ በእውነት ሊረዳ እንደሚፈልግ ሰው።

«ታዲያ» አለች፣ «ከእቅፌ ለምን ወሰድሻት?»